ያቋረጡትን ኤሊሚኔሽን ዳይት እንደገና መጀመርና ምግብን አንድ በአንድ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጾም ላደገ ሰው ምግብ መተው ብርቅ አይደለም። 55 ቀን ሙሉ ቅቤና ሥጋ ሳይነካ የሚከርም ሰው፣ ለሁለት ሳምንት ሽንኩርት ተው ቢሉት አይደነግጥም። ጣጣው ያለው ሲገድፍ ነው። የፋሲካ ለት ዶሮው፣ አይቡ፣ ቅቤው፣ ድፎ ዳቦው፣ ጠላው ተከታትሎ ይገባል። ማታ ሆድ ከበሮ ይሆናል። «የቱ ነው ያልተስማማህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን መልስ የለም።

ኤሊሚኔሽን ዳይትም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚሁ ቦታ ላይ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አንዴ ጀምሬ ያበላሸሁ፣ ሁለተኛውን ግን እንደምንም የጨረስኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ ዘመዱም፣ የሥራ ባልደረባውም ሆዱን በነፋው ቁጥር ወደ እኔ ይደውላል። የሚጠይቁኝም ተመሳሳይ ነገር ስለሆነ አንድ ላይ ጻፍኩት።

ኤሊሚኔሽን ዳይት ምንድን ነው? ያከሳል?

ለመክሳት የሚያዝ ዳይት አይደለም፤ ከከሳችሁበት እንዲያውም የሆነ ነገር ተሳስቷል። የሚነፋችሁ፣ የሚቆርጣችሁ ወይም የሚያስቀምጣችሁ ምግብ የትኛው እንደሆነ የምትለዩበት ፈተና ነው።

ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ የተጠረጠሩትን ምግቦች ከ2 እስከ 6 ሳምንት ታወጣላችሁ። ቀጥሎ አንድ በአንድ ትመልሳላችሁ፤ ይሄ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። በመጨረሻ የተስማማችሁን ሁሉ ትበላላችሁ፣ ያልተስማማችሁን ብቻ ትቀንሳላችሁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ይሠራና «ዳይት ላይ ነኝ» እያለ ዓመት ይከርማል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አልበርት ሮው የተባለ የካሊፎርኒያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በምግብ አለርጂ ለተጠረጠሩ ታማሚዎቹ ይጠቀምበት ነበር። ዛሬ ለሆድ መነፋትና ሐኪሞች አይቢኤስ ለሚሉት የአንጀት መቆጣት በብዛት የሚታዘዘው «ፎድማፕ» የሚባለው ዓይነት ነው። ያወጡት በአውስትራሊያ ሜልበርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። እኔም የሞከርኩት እሱን ስለሆነ ከዚህ በታች በአብዛኛው የማወራው ስለ እሱ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ፎድማፕ የሚባሉት አንዳንድ ስኳሮች በትንሹ አንጀት በደንብ አይመጠጡም። ውሃ እየሳቡ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳሉ። እዚያ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸዋል፣ ጋዝ ይወጣል። እነዚህ ስኳሮች በእኛ ማዕድ ላይ የት የት እንዳሉ ስሙ፦ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴና ገብስ፤ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተርና ባቄላ፤ ወተት፤ ማርና ማንጎ። የሽሮ ቤት ሜኑ ያነበብኩ መስሏችሁ ይሆናል።

ከመጀመሬ በፊት ሐኪም ማየት አለብኝ?

አዎ። በተለይ እኛ አገር። ጃርዲያና አሜባ ይዞት ሽንኩርት ሲተው የሚከርም ሰው አይቻለሁ። የሰገራ ምርመራ ርካሽ ነው፣ አድርጉት። ጨጓራን የሚያስቸግረው ኤች ፓይሎሪም በምግብ መቀነስ አይድንም። የምትወስዱትን መድኃኒት ደግሞ ለሐኪሙ ንገሩ። ለስኳር ሕመም የሚሰጠው ሜትፎርሚን ብቻውን የሚያስቀምጣቸው ሰዎች አሉ።

ሴሊያክ የሚባለው፣ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደም ምርመራው ትክክለኛ የሚሆነው ስንዴ ወይም ገብስ እየበላችሁ ከሆነ ነው። ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ግሉተን ያለበት ነገር በልታችሁ ነው የምትመረመሩት። ስለዚህ ዳይቱን እንደገና ለመጀመር ያሰባችሁ ሰዎች፣ አሁን ዳቦ እየበላችሁ ሳለ ተመርመሩ። ካወጣችሁት በኋላ መልሶ ስድስት ሳምንት መብላት ሥቃይ ነው።

ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ሳታስቡት ከከሳችሁ፣ ደም ማነስ ከተነገራችሁ፣ ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ በድንገት ከጀመራችሁ ዳይቱ ይቆይ። መጀመሪያ ምርመራ።

ነፍሰ ጡሮች፣ ክብደታቸው ዝቅ ያለ፣ ለስኳር መድኃኒት የሚወስዱ፣ ከዚህ በፊት ከምግብ ጋር የተጣሉበት ታሪክ ያላቸው ሰዎች ብቻቸውን አይሞክሩት። የሥነ ምግብ ባለሙያ አጠገባቸው ይኑር።

በአንድ የደም ምርመራ 100 ምግብ የሚለይ አለ ይላሉ። እሱ አይሻልም?

አይሻልም። አይጂጂ የሚባለውን በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል የሚለካው ምርመራ የሚነግራችሁ በአብዛኛው ምን ስትበሉ እንደኖራችሁ ነው። የአሜሪካም የአውሮፓም የአለርጂ ሐኪሞች ማኅበራት ለዚህ ጉዳይ አትጠቀሙበት ይላሉ። ገንዘባችሁን ለሥጋ አውሉት።

ሰርግ ላይ ሄጄ ሁሉንም በላሁ። ከዜሮ ልጀምር?

አይ። አንድ ማዕድ የሁለት ሳምንት ሥራ አያፈርስም። በማግስቱ ወደ ነበራችሁበት ተመለሱ። ሆዳችሁ እስኪረጋጋ ጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ነው። የበላችሁትንና የተሰማችሁን ጻፉ።

ምግብ በመመለሱ ሂደት ላይ ከነበራችሁ ግን የያዛችሁት ፈተና ተሰርዟል። ለምሳሌ ወተት እየፈተናችሁ ሳለ ክትፎ በዳቦ ከበላችሁ ውጤቱ የማንም አይደለም። ሦስት ጸጥ ያሉ ቀናት አሳልፉና ወተቱን እንደገና ከመጀመሪያው መጠን ጀምሩ። ያለፉት ፈተናዎች ግን እንዳሉ ናቸው።

ከወራት በፊት አቋርጬ ነበር። እንደገና መጀመር ዋጋ አለው?

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ መልሱ። በመጀመሪያው ዙር፣ ምግቡን ባወጣችሁበት ጊዜ ተሽሏችሁ ነበር?

በደንብ ሠርታችሁት ምንም ካልተሻላችሁ አትድገሙት። ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው። ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሆድ ድርቀት፣ መድኃኒት፣ በጥድፊያ መብላት፤ ሐኪማችሁ ጋር እነዚህን ተነጋገሩ።

ተሽሏችሁ ከነበረ ሁለተኛው ዙር አጭር ይሁን። ስድስት ሳምንት ሙሉ አያስፈልጋችሁም። ሁለት ሳምንት ጸጥ ካላችሁ በቂ ነው፤ ወደ መመለሱ እለፉ። ባለፈው ፈትናችሁ በግልጽ የተስማማችሁን ምግብ እንደገና አትፈትኑ። ጊዜያችሁን ላልተፈተኑትና ውጤታቸው ለተምታታው ስጡ።

የእኔን ላጫውታችሁ። በመጀመሪያው ዙር አምስተኛው ሳምንት ላይ በጣም ተሽሎኝ ነበር። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ክርስትና መጣ። ሁሉንም በላሁ፣ ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋሁ። በማግስቱ «በቃ፣ ሁሉም ጠላቴ ነው» ብዬ ወሰንኩ። ስምንት ወር ሩዝና ድንች እየበላሁ ኖርኩ። ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፉኝ። በኋላ ያየችኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ደብተሬን ገልጣ «ያወጣሽው አለ፣ የፈተንሽው ግን የለም» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እውነቷን ነበር።

ለረጅም ጊዜ አውጥቶ መኖር ሌላም ጉዳት አለው። እነዚያ የሚብላሉት ስኳሮች የጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቀለብ ናቸው። ጥራጥሬን ለዓመት የተወ ሰው አሰርን፣ ወተትን የተወ ደግሞ ካልሲየምን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ያለ ሽንኩርት ምን ዓይነት ወጥ ይሠራል?

ይሄ ነው እውነተኛው ጥያቄ። የእኛ ወጥ የሚጀምረው በቁሌት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ሽንኩርቱን ከወጡ እየለቀሙ ማውጣት አይረዳም። በሽንኩርት ውስጥ ያለው ፍሩክታን የሚባለው ስኳር ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ወጡ ሲንተከተክ መረቁ ውስጥ ገብቷል። ዘይት ውስጥ ግን አይሟሟም። ስለዚህ ውሃ ሳይነካው፣ ነጭ ሽንኩርቱን በዘይት ብቻ አሙቃችሁ፣ ጠረኑ ሲወጣ ፍልቃቂዎቹን ሙሉ በሙሉ አውጡና በዘይቱ አብስሉ። ጣዕሙ ይቀራል፣ ስኳሩ ይወጣል። ዘይቱን የዕለቱን ብቻ ሥሩ። ነጭ ሽንኩርት የተነከረበት ዘይት ውጭ ከዋለ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴው ጫፍ ይፈቀዳል፤ ነጩን ክፍል ጣሉት። ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል ችግር የለባቸውም። በርበሬ ላይ ቆም በሉ። ቃሪያው አይደለም ጉዳዩ። በርበሬ ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንዴም ቀይ ሽንኩርት አብሮ ይደለዛል። ሚጥሚጣ አብዛኛውን ጊዜ ይሄ የለበትም፤ ግን ያዘጋጀውን ሰው ጠይቁ። ማቃጠሉ ብቻውን አንጀት የሚያስቆጣቸው ሰዎችም ስላሉ ቆንጠር ይሁን። የተነጠረ ቅቤም እንዲሁ ነው፤ ቅቤው ራሱ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፣ ሲነጠር የሚገባበትን ግን እናታችሁ ነው የምታውቀው።

ስለዚህ በእነዚያ ሳምንታት፦ ጥብስ በቲማቲምና በጥብስ ቅጠል፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ጎመን በዝንጅብል፣ ሩዝ። ከፍራፍሬ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ አናናስ። ማንጎ፣ ፖም፣ ሐብሐብና አቮካዶ ይቆዩ። ጠጅና ጠላም። ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት ለመሥራት አትድከሙ። ሞክሬዋለሁ።

እንጀራስ?

ጤፍ ግሉተን የለውም። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ከሆነ መሠረት አድርጋችሁ ያዙት፣ መጠኑንም በየቀኑ አትለዋውጡት። ችግሩ «የጤፍ» የተባለው ሁሉ ጤፍ አለመሆኑ ነው። በውጭ አገር ሱቆች የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይገባበታል። የሚጋግረውን ሰው በቀጥታ ጠይቁ፤ የሴሊያክ ሕመም ያለበት ሰውማ ሳይጠይቅ አይነካም። እንጀራውን ራሱን ከጠረጠራችሁት ደግሞ እንደማንኛውም ምግብ ተራው ሲደርስ ይፈተናል።

አንድ ተጨማሪ ነገር። በእነዚያ ሳምንታት ከጋራ ትሪ አትብሉ። የጎረቤት ሽሮ መረቅ ወደ እናንተ እንጀራ ይሰርጋል። ለብቻ ሳህን መያዝ ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ለጥቂት ሳምንት ነው።

ምግቡን መመለስ የምጀምረው መቼ ነው?

ሆዳችሁ በግልጽ ሲረጋጋ። ፍጹም ጤነኛ እስክትሆኑ አትጠብቁ፣ እንዲያ ዓይነት ቀን ላይመጣ ይችላል። አንድ ሳምንት ያህል ከድሮው የተሻለ ከሆነ በቂ ነው። ስድስት ሳምንት ቆይታችሁ ምንም ለውጥ ከሌለ ግን ፎድማፕ የእናንተ ጉዳይ አይደለም። ምግባችሁን መልሱና ሐኪም ጋ ሂዱ።

የወር አበባ በሚመጣበት ሳምንት፣ ጉንፋን ላይ፣ አንቲባዮቲክ እየወሰዳችሁ ወይም የትምህርት ቤት ፈተና ላይ ተቀምጣችሁ አትጀምሩ። ሆድ በእነዚህ ጊዜያት ያለ ምግብም ይረበሻል።

እንዴት ነው የሚመለሰው? በየትኛው ልጀምር?

አንድ ምግብ፣ ሦስት ቀን፣ እየጨመረ የሚሄድ መጠን። ከዚያ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ዕረፍት። ቀጥሎ ሌላ ምግብ። በዚህ ሁሉ መሐል የቀረው ማዕዳችሁ አይቀየርም።

የምትፈትኑት ምግብ ብቻውን የቆመ መሆን አለበት። ለወተት ፈተና ማኪያቶ አይሆንም፤ ቡናው ይሁን ወተቱ አታውቁም። ወተት ብቻ ጠጡ፦ የመጀመሪያ ቀን ሩብ ኩባያ፣ ሁለተኛው ግማሽ፣ ሦስተኛው አንድ ሙሉ። ለጥራጥሬ ሽሮ አይሆንም። ምጥን ሽሮ ማለት ሽምብራ፣ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በአንድ ከረጢት ማለት ነው። ንፍሮ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። የሽምብራ ንፍሮ በጨው፦ ሁለት ማንኪያ፣ ሩብ ኩባያ፣ ግማሽ ኩባያ። ለስንዴ ደረቅ ቂጣ ወይም ተራ ዳቦ፦ አንድ ቁራሽ፣ ሁለት፣ ሦስት። ነጭ ሽንኩርት ሩብ ፍልቃቂ፣ ግማሽ፣ አንድ፤ ድንች ላይ አብስሉት። ቀይ ሽንኩርት ለብቻው ይፈተናል፣ ከነጩ ጋር አታምታቱት። ማር በሻይ ማንኪያ ይጀመራል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ከታመማችሁ ለሁለተኛው አትሂዱ። ውጤቱን አግኝታችኋል።

ቅደም ተከተሉ የእናንተ ነው። እኔ በጣም በናፈቀኝ መጀመርን እመክራለሁ። ወተት የማትወዱ ከሆነ ወተት ስትፈትኑ ጊዜ አታጥፉ።

ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። የሦስት ቀን ፈተናው አይበላሽብኝም?

አይበላሽም፣ ቀኑን መምረጥ ነው። ወተት፣ አይብና እርጎን ቅዳሜ፣ እሑድና ሰኞ ፈትኑ። ጥራጥሬ፣ ሽንኩርትና ስንዴ የጾም ቀንም ይሆናሉ።

ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ግን ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። ሰባት ሳምንት ማለት ነው፤ ሙሉውን የመመለስ ሂደት ይይዛል። ይሄን ሳስተውለው ገረመኝ። ወተትን እንዲያውም 55 ቀን አውጥታችሁት ስለምትመጡ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሳታስቡት ተሠርቷል። የፋሲካ ለት ብቻ ራሳችሁን ግዙ።

ለሽንኩርትና ለጥራጥሬ ግን ዐቢይ ጾም የማውጫ ጊዜ አይደለም። እንዲያውም ከምንጊዜውም በላይ ሽሮና ምስር የምንበላው ያኔ ነው። እንቁላልም ሥጋም ወተትም ጥራጥሬም በአንድ ጊዜ ከወጣ ሰውነት በምን ይቆማል? ጾሙን የማታፈርሱ ከሆነ ዳይቱን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሕመሙ ከባድ ከሆነ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

በረመዳን ለሚጾሙም ያው ነው። ሳምቡሳ፣ ሾርባና ቴምር በአንድ ሰዓት ውስጥ በሚበላበት ወር የሚለይ ነገር የለም። ከዒድ በኋላ ጀምሩ።

ትንሽ ነፋኝ። አልተስማማኝም ማለት ነው?

የግድ አይደለም። ማንም ሰው ግማሽ ኩባያ ሽምብራ ከበላ ጋዝ ይኖረዋል። ጥያቄው ከድሮው ሕመማችሁ ጋር ይመሳሰላል ወይ ነው። ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። አንድ ሁለት ከሆነ ቀጥሉ። ከአምስት በላይ ከሆነ አቁሙ። መሐል ላይ ከሆነ ያንኑ መጠን አንድ ቀን ድገሙት።

ሰዓቱንም ጻፉ። ወተት ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓትና በሁለት ሰዓት መካከል ራሱን ያስታውቃል። ሽንኩርትና ጥራጥሬ ትልቁ አንጀት እስኪደርሱ ሰዓታት ይወስዳሉ። ምሳ ላይ የበላችሁት ማታ ሊነፋችሁ ይችላል፤ እናንተ ግን እራቱን ትከሳላችሁ።

ፍርሃትም ይነፋል። እየቀለድኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የኖርዌይ ጥናት ነበር። 59 ሰዎች፣ ሴሊያክ የሌለባቸው፣ ግን ግሉተን አይስማማንም ብለው የተዉ። ሳያውቁት ግሉተን ያለበት፣ ፍሩክታን ያለበትና ሁለቱም የሌለበት ምግብ ለሰባት ሰባት ቀን በየተራ በሉ። ምልክቱ የበረታው በፍሩክታኑ ሳምንት ነው። ግሉተኑ ከባዶው አልተለየም። ሰዎቹ የታመሙት በእውነት ነው፤ የከሰሱት ግን የተሳሳተውን ነበር። ስለዚህ ውጤታችሁ የሚያጠራጥር ከሆነ ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ቢቻል የሚያበስልላችሁ ሰው ሳይነግራችሁ ያስገባው። ይሄ ግን ለሆድ መነፋት ብቻ ነው፣ ለአለርጂ በፍጹም አይሞከርም።

ወተት ተስማማኝ። ከነገ ጀምሮ ልጠጣ?

ትንሽ ታገሡ። ሌሎቹ ፈተናዎች እስኪያልቁ መልሳችሁ አውጡት። የተለያዩ ምግቦች ጋዝ ይደመራል፤ ወተት እየጠጣችሁ ሽምብራ ብትፈትኑ ሁለቱ ተደምረው ሽምብራውን ሊያስወቅሱት ይችላሉ። ክብደታችሁ እየወረደ ከሆነ ወይም ምርጫችሁ በጣም የጠበበ ከሆነ ግን ባለሙያችሁን ጠይቃችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ወተት ካልተስማማችሁም እርጎን ለብቻ ሞክሩት። ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከላክቶሱ የተወሰነውን ይበሉታል። ወተት አልስማማ ብሏቸው እርጎ የሚስማማቸው ብዙ ናቸው።

ዘመድ ቤት ስሄድ ምን ልበል?

«ዳይት ላይ ነኝ» አትበሉ። «ምን ከሲታ ሆነሽ!» ተብሎ ሦስት እንጀራ ይደረብላችኋል። «ሐኪም ከልክሎኝ ነው» በሉ። ይሄ ይከበራል። በሞቴ ማለት አይቀርም፣ ግን ሁለተኛው በሞቴ ላይ ይቆማል። ቀድማችሁ ቤት በልታችሁ ሂዱ፣ ቡናውን ጠጡ። ጉርሻ ለሚያቀብል ሰው ደግሞ እንቁላሉን አሳዩት፣ እሱን ያጉርሳችሁ።

ልጄን እንዲህ ብፈትነው?

ያለ ሐኪም አይሆንም። ልጅ እያደገ ነው፣ ምግብ የሚወጣበት አይደለም። ከዚያ በላይ ደግሞ አደጋ አለው። ኤክዚማ የሚባለው የቆዳ ሕመም ያለባቸው ልጆች ለረጅም ጊዜ ያቆሙት ወተት ወይም እንቁላል ሲመለስ ከድሮው የከፋ፣ ድንገተኛ አለርጂ ሊያስነሳባቸው ይችላል።

ለአዋቂም ያው ነው። ከንፈራችሁን ወይም ምላሳችሁን አሳብጦ፣ ትንፋሽ አሳጥሮ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ አውጥቶ ወይም ራስ አስቶ የሚያውቅ ምግብ ካለ ቤት ውስጥ አይፈተንም። በሩብ ማንኪያም ቢሆን። ፈተናው የሚደረገው ሆስፒታል ውስጥ፣ መድኃኒት ተዘጋጅቶ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ቢያጋጥማችሁ ሳትጠብቁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል 907 ነው፣ አሜሪካ 911።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። የታሸገ ምግብ ላይ ምን ልፈልግ?

የአሜሪካ ሕግ ዘጠኝ የአለርጂ ምግቦች በግልጽ እንዲጻፉ ያስገድዳል፤ ዘጠነኛው ሰሊጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የገባ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ግን ከዘጠኙ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ከታች በደማቁ የተጻፈውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ሙሉ ዝርዝሩን አንብቡ። የታሸገ ሾርባ፣ ድልህ፣ ቋሊማና የቺፕስ ቅመም ውስጥ የሽንኩርት ዱቄት አይጠፋም። ስኳር የሌለበት ማስቲካም ብዙ ጊዜ ሶርቢቶል የሚባል፣ እንደ ፎድማፕ የሚነፋ ማጣፈጫ አለበት፤ ቀኑን ሙሉ ስታኝኩ ውላችሁ ምሳውን አትውቀሱ። ሞናሽ የራሱ የስልክ አፕ አለው፣ ጥሩ ነው። የእኛን ወጦች ግን እዚያ አትጠብቁ።

ያልተስማማኝን ለዘላለም ልተወው?

አይደለም። አለርጂና ሴሊያክ ሌላ ናቸው፣ እነሱ ላይ ድርድር የለም። የሆድ መነፋት ግን የመጠን ጉዳይ ነው። ግማሽ ኩባያ ያልተስማማው ሰው ሁለት ማንኪያ ሊስማማው ይችላል። አሠራሩም ይለውጠዋል። ሽምብራና ባቄላን ሌሊቱን ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉት፣ የተቀቀለበትንም ድፉ፤ ከስኳሩ የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ የሚደፋ ውሃ የለውም፣ ለዚህ ነው የሚከብደው። በየጥቂት ወሩ ደግሞ የወደቀውን ምግብ በትንሹ እንደገና ሞክሩ። አንጀት አቋሙን ይለውጣል።

እኔ ለዓመታት የከሰስኩት ሽሮን ነበር። በሁለተኛው ዙር ንፍሮው ግማሽ ኩባያ ድረስ በሰላም አለፈ። ወተትም አለፈ። ዳቦ ሁለተኛው ቁራሽ ላይ አንገራገረ። ነጭ ሽንኩርት ግን ግማሽ ፍልቃቂ ላይ አልጋ ላይ አስተኛኝ። ሽሮው ውስጥ አብሮ የሚፈጨው እሱ ነበር። አሁን እናቴ ለእኔ ብቻ ያለ ነጭ ሽንኩርት የተፈጨ ሽሮ ለይታ ታስቀምጣለች። ዕቃው ላይ ስሜን ጽፋበታለች። ወንድሜ ግን የእኔው ይጣፍጣል ብሎ እሱን ይጨርሰዋል።